ከኮሌጅ ቡድን እስከ ክረምት ኦሊምፒክ፦ የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ ሕይወት

የኮሌጅ አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ የውድድር ዕድሜ አጭር ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ለረጅም ዘመን ባጸናው ደንብ አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ የሚወዳደረው አራት ወቅት ብቻ ነው። አንዱ ወቅት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከገና ማግስት ጀምሮ መጋቢት ሲጠባ ያበቃል። ከልጅነት ጀምሮ የተለፋበት ነገር ቢደመር ከስምንትና ከዘጠኝ ወር ብዙ አያልፍም ማለት ነው። በዚህ መንገድ አልፎ እስከ ኦሊምፒክ የደረሰ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ በ1974 አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእርሱ ውጤት ምን ያህል እንደሚመዘን ለማወቅ ግን አስቀድሞ ስፖርቱን፣ ቀጥሎም ኮሌጁ ለተወዳዳሪው የሚያደርግለትን ማየት ይገባል።

ስኪ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ከተራራ ጫፍ ቁልቁል የሚወረወረውን ሰው ነው። ያ ሌላ ዘርፍ ነው። አገር አቋራጩ ዳገቱንም ሜዳውንም በገዛ ጉልበቱ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ለትንፋሽ መሰብሰቢያ ያህል ነው። በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን መለኪያ የውድድር መስመር አንድ ሦስተኛው ዳገት፣ አንድ ሦስተኛው ቁልቁለት፣ የቀረው ወጣ ገባ ሜዳ እንዲሆን ይጠበቃል። ሆኖም ዳገት ቀስ ተብሎ ስለሚወጣ ተወዳዳሪው ከሰዓቱ ግማሽ የሚበልጠውን የሚያጠፋው እዚያው ላይ ነው። አሸናፊውም አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በዳገት ነው።

መሣሪያው ቀላል ይመስላል። ሁለት ጠባብና ረጃጅም ሰሌዳዎች ከጫማው ጋር የሚያያዙት በጣቶች በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ ልቅ ሆኖ ይነሣል። በየእጁ አንዳንድ ዘንግ ይያዛል። አሄዳዱ ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው፣ ክላሲክ የሚባለው፣ በትይዩ በተቀደዱ ሁለት ፈሮች ውስጥ እንደ እርምጃ እየተፈራረቁ መሄድ ነው። ሁለተኛው እንደ በረዶ ሜዳ ሸርተቴ እግርን ወደ ጎን እየገፉ የሚሄዱበት ነጻ ስልት ነው። ነጻ ስልቱ የተስፋፋው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በ1976 የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ በ30 ኪሎ ሜትር የብር ሜዳልያ ያገኘው የቬርሞንቱ ቢል ኮክ ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል። አዲሱ ስልት ፈጣን ሆኖ የቀድሞውን ሊያጠፋው ስለተቃረበ ፌዴሬሽኑ ውድድሮቹን ለየብቻ ከፈላቸው፤ በኦሊምፒክ ሁለቱም የታዩት ከ1988ቱ ካልጋሪ ጀምሮ ነው። የኮሌጅ ተወዳዳሪ ሁለቱንም ማወቅ ግዴታው ነው፤ በአንድ የውድድር ሳምንት መጨረሻ አንዱን ቀን በክላሲክ፣ ሌላውን በነጻ ስልት ይሰለፋልና።

በክላሲክ ስልት ከእግር ጉልበት ያላነሰ ነገር የሚወስነው ሰም ነው። ሰሌዳው መሐሉ ላይ ወደ ላይ የተቀሰተ ነው። ክብደት በሁለቱ ላይ እኩል ሲያርፍ መሐሉ በረዶውን አይነካም፤ ሰውየው ክብደቱን በሙሉ በአንዱ ላይ ጥሎ ሲረግጥ ግን ቅስቱ ይተኛና መሐሉ ላይ የተቀባው መያዣ ሰም በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል። በዚያች ቅጽበት ወደፊት ይገፋል፤ ወዲያው ክብደቱ ሲነሣ ሰሌዳው ይለቃል፣ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። የውድድር ቀን ጠዋት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አሠልጣኞች ቴርሞሜትር በረዶው ውስጥ ወግተው ሙቀቱን ይለካሉ። ለብርቱ ቅዝቃዜ አረንጓዴ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊ፣ ወደ ዜሮ ለቀረበ ሐምራዊ፣ ለሚቀልጥ ቀይ ሰም ይመረጣል፤ በእጅ ይቀባና በቡሽ እየታሸ ይለሰልሳል። ቀልጦ መልሶ ለረጋ ድንጋያማ በረዶ ደግሞ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ሌላ ቅባት አለ፤ የነካው ልብስ በቀላሉ አይለቅም። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚንሸራተተው ሰም በካውያ ይቀልጣል፣ ሲረጋ ይፋቃል፣ በብሩሽ ይጠረጋል። ተወዳዳሪው ሁለት ሦስት ጥንድ እየቀያየረ ይሞክራል። ምርጫው ከተሳሳተ ዳገት ላይ እግሩ ወደ ኋላ ይከዳዋል፤ ያን ጊዜ የዓመት ልምምድ ከንቱ ነው። ፍሎሪን ያለበት ሰም ፍጥነት ቢጨምርም ለጤናና ለአካባቢ ጎጂ በመሆኑ ከ2023–24 ወቅት ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር ታግዷል።

የሰውነቱ ጥያቄም ከሩጫ ይለያል። ልብና ሳንባ የሚፈለገው እንደ ሯጭ ነው፤ እንዲያውም እስካሁን ከተመዘገቡት ከፍተኛ የኦክስጅን አወሳሰድ ልኬቶች ብዙዎቹ የስኪ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ልዩነቱ ኦክስጅኑ የሚሄድበት ነው። ሯጭ በእግሩ ይኖራል። ስኪ ተወዳዳሪው ግን ክንዱን፣ ትከሻውን፣ ሆዱንና ጀርባውን አንድ ላይ ያሠራል፤ ሁለቱን ዘንጎች ባንዴ ተክሎ ገላውን እየጣለ የሚገፋበት አካሄድ ብቻውን ኪሎ ሜትሮችን ይበላል። ስለዚህ ለሯጭ ሸክም የሚሆነው የላይኛው አካል ጡንቻ ለእርሱ ሞተሩ ነው። በዓለም ደረጃ ያለ ስኪ ተወዳዳሪ በዓመት ከ750 እስከ 950 ሰዓት ይለማመዳል፤ አብዛኛውን በቀስታ፣ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ። ትምህርት ያለበት ኮሌጅ ተማሪ ከዚያ ባነሰ ይወሰናል።

በኮሌጅ ደረጃ የስኪ ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1954 ኔቫዳ ውስጥ በሬኖ ነው። አወቃቀሩ ለየት ይላል፤ ተራራ ወራጆቹና አገር አቋራጮቹ ነጥባቸውን የሚደምሩት ለአንድ ዋንጫ ነው። እስከ 1980 ዝላይም ነበረበት። ከ1983 ወዲህ የወንዶቹና የሴቶቹ ነጥብም አብሮ ይደመራል። አንድ ትምህርት ቤት በየውድድሩ ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም፤ እስከ ፍጻሜው የሚሄደው ቡድንም ቢበዛ 12 ሰው ነው። ብዙ ዋንጫ የወሰደው ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከምዕራቡ ኮሎራዶና ዩታ፣ ከምሥራቁ ቬርሞንት፣ ዳርትመዝ፣ ሚድልበሪና ኒው ሃምፕሸር በስፖርቱ የታወቁ ናቸው።

ስኮላርሺፑ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተትረፈረፈ አይደለም። በደንቡ ለአንድ ትምህርት ቤት የወንዶች ቡድን በሙሉ የሚፈቀደው ለረጅም ጊዜ 6.3 ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ለሴቶቹ 7 ነበር፤ ይህም በተራራ ወራጆችና በአገር አቋራጮች መካከል እየተሸነሸነ ይሰጣል። አንዱ ግማሽ ያገኛል፣ ሌላው የመጻሕፍት ዋጋ ያህል። ዳርትመዝና ሚድልበሪ ደግሞ ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ዳርትመዝ ይህ ሳያግደው በ2007 ሻምፒዮን ሆኗል። ሊመሰገን የሚገባው ሌላው ነው፤ ተማሪው ለውድድር ሲሄድ መጓጓዣው፣ ማደሪያው፣ ሰሙና አሠልጣኙ በትምህርት ቤቱ ወጪ ነው። ይህ ወጪ ከኮሌጁ ውጭ ያለን ተወዳዳሪ ከሜዳ የሚያስወጣው ዋና ነገር ስለሆነ፣ ከስኮላርሺፑ ይልቅ ዋጋ ያለው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዓመቱ አካሄድ በግምት እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት በረዶ የለም፤ ልምምዱ ሩጫ፣ በዘንግ ታግዞ ዳገት መውጣትና በአስፋልት ላይ በባለ ጎማ ስኪ መሄድ ነው። በኅዳር በረዶ ወደሚቀድምበት አገር ይጓዛሉ። ከጥር በኋላ ተማሪው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ክፍል ይቀመጣል፣ ዓርብና ቅዳሜ ይወዳደራል፣ እሑድ የቤት ሥራውን በአውቶቡስ ውስጥ ይጨርሳል። በምሥራቁ እነዚህ ውድድሮች ካርኒቫል ይባላሉ፤ የዳርትመዙ ካርኒቫል ከ1911 ጀምሮ ይከበራል፣ ስኪው የበዓሉ አካል ነው። ከካርኒቫሎቹ በተሰበሰበ ነጥብ ጥቂቶቹ ለብሔራዊው ሻምፒዮና ይመረጣሉ። እዚያ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የወጣ የዓመቱ ምርጥ የሚል ማዕረግ ያገኛል። አሜሪካዊው ተማሪ ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከጀርመን ከመጡ፣ በአገራቸው ወጣት ቡድን ካለፉ እኩዮቹ ጋር ስለሚሰለፍ ማዕረጉ በዋዛ አይገኝም።

ከምረቃ በኋላ መንገዱ ይጠባል። ጥቂቶች ወደ ብሔራዊ ቡድን ያልፋሉ፤ ብዙዎቹ በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት ዓመታቸው ስኪውን ሰቅለው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። በአሜሪካ ራሱ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ሙያተኛ መሆን የሚለው ክርክር አላለቀም። አገሪቱ በአገር አቋራጭ ስኪ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በኪካን ራንዳልና በጄሲ ዲጊንስ ነው፤ ዲጊንስ የኮሌጁን በር ትታ በቀጥታ ወደ ሙያው የገባች ናት። በሌላ በኩል ሶፊ ካልድዌልና ሮዚ ብሬናን ከዳርትመዝ ተመርቀው ኦሊምፒክ ደርሰዋል። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል፤ የኮሌጁ ግን ቢያቅት እንኳ ዲግሪ ያስይዛል።

ሮቤል ተክለማርያም ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከስኪ ጋር የተዋወቀው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በሌክ ፕላሲድ ነው። ሌክ ፕላሲድ ትንሽ ከተማ ብትሆንም በ1932 እና በ1980 ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ያስተናገደች፣ ልጆቿ ከትምህርት በኋላ ስኪ የሚያስሩባት ቦታ ናት። ከዚያ በስኪ ስኮላርሺፕ ኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በኮሌጅ ደረጃ ተወዳደረ። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ኖሮ ከብዙ መቶ የኮሌጅ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር።

ለኢትዮጵያ ለመሰለፍ ግን ከብቃት ሌላ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። በክረምት ኦሊምፒክ የሚሳተፍ ሰው በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የታወቀ ብሔራዊ ስኪ ፌዴሬሽን ያለው አገር አባል መሆን፣ ከዚያም በእውቅ ውድድሮች ነጥብ መሰብሰብ አለበት። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ፌዴሬሽን አልነበራትም። ሮቤል እንዲቋቋም ግንባር ቀደም ሆኖ ሠራ፤ የአገር ውስጥ ልምምዱንም በባለ ጎማ ስኪ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ አደረገ። ተወዳዳሪው፣ መሥራቹና ደጅ ጠኚው አንድ ሰው ነበር።

የካቲት 2006 በቶሪኖው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ብቻውን የኢትዮጵያ ቡድን ሆኖ ባንዲራዋን ይዞ ገባ። አገሪቱ በክረምት ኦሊምፒክ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በበጋው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ካሸነፈ 45 ዓመት አልፎት ነበር። ውድድሩ ፕራጄላቶ ላይ የተካሄደው የ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ነበር። የኢስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1.3 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሮቤል 83ኛ ወጣ። ከኋላው ከገቡት አንዱ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር፣ በ35 ዓመቱ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ነጻ ስልት ተሰልፎ 93ኛ ሆነ። አሁንም ባንዲራ ያዡም ተወዳዳሪውም እርሱ ብቻ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች በንቀት ማንበብ ቀላል ነው። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ግን ከቬርፓሉ ጋር አይደለም፤ ከቦይት ጋር ነው። ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። አንድ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ የኬንያ ሯጭ ስኪ ቢለምድ ምን ይሆናል ብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ፊንላንድ ወሰደው። በ1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ክላሲክ 92ኛና መጨረሻ ሆኖ ገባ፤ ከአሸናፊው ከኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ በ20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ። ዴሊ መድረሻው ላይ ጠብቆ አቀፈው፤ ቦይትም በኋላ ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመው። ጀግንነቱ አይካድም፤ ሳንባውም የሪፍት ሸለቆ ሳንባ ነበር። የጎደለው በልጅነት በበረዶ ላይ የሚገኘው የሚዛን ልማድ ነው፤ እርሱ ደግሞ በሃያዎቹ ዕድሜ በችኮላ አይገኝም። ሮቤል የኬንያውያን ያህል ሯጭ አልነበረም፤ ሌክ ፕላሲድና ኒው ሃምፕሸር ግን ነበሩት።

ይህ ልዩነት ሯጭ ለሚያፈልቀው ለአርሲ ደጋ ሰው ልብ የሚባል ጉዳይ ነው። አሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ የበቆጂ አካባቢ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርቷል። ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ ሩጫ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት በተከታታይ አሸንፎ በ2008 ረጅሙን ሲደግም በአዋቂዎች ምድብ የግል ወርቁ 11 ደርሷል። ከዚህ ተነሥቶ «እነዚህ ልጆች በረዶ ቢያገኙ ኖሮ ስኪውንም ያሸንፉ ነበር» የሚል ሐሳብ ይሰማል። ሐሳቡ ግማሽ እውነት ነው። የበቆጂ ልጆች የሮጡት ከፍታ ስላላቸው ብቻ ሳይሆን መምህር፣ ሜዳና ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚሮጥ ጓደኛ ስለነበራቸው ነው፤ ስኪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ በሌላ መልኩ።

ከፍታው ራሱ እንኳ በስኪ ተቃራኒ ፍርድ አለው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ የአገር አቋራጭ መስመር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። አሰላ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በተአምር በረዶ ቢወርድ እንኳ የዓለም ዋንጫ መስመር አሰላ ላይ አይጸድቅም። ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጭላሎ ዛሬ በሌሊት ውርጭና በወቅቱ በሚወርድ በረዶ ይነጣል እንጂ አመዳዩ አይቆይም። ከ30,000 እስከ 40,000 ዓመት በፊት ግን የአርሲና የባሌ ተራሮች የበረዶ ግግር ነበራቸው፤ ግግሩ የገፋው ድንጋይ ዛሬም ከፍ ባለው ቦታ ይታያል። ያን ዘመን ያየ ስኪ ተወዳዳሪ አልነበረም።

ከበረዶ ይልቅ ለአካባቢው የሚቀርበው አስፋልት ነው። ከአዳማ የሚነሣው መንገድ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ደራን ያገኛል፤ ከዚያ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ እስኪደርስ የሚበዛው መውጣት ነው። ለባለ ጎማ ስኪ ከዚህ የተሻለ ዳገት በብዙ አገር አይገኝም። ችግሩ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ከደራ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሆነው፣ መመለሻው በመኪና። ባጃጅ፣ የጭነት መኪናና አህያ በሚጋሩት መንገድ ላይ ይህን በዘፈቀደ መሞከር አደገኛ ነው፤ የሚሞክር ቢኖር ገና በማለዳ፣ ከኋላው መኪና አስከትሎ ነው።

ኮሌጁ የሚከፍተው በር ግን ከበረዶ ጋር የግድ አልተያያዘም። በዚያው የአሜሪካ ኮሌጅ ሥርዓት ሯጩም ያልፋል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ እየተማረ በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆኖ በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሊምፒክ ነሐስ ወስዷል። ለደራ፣ ለኢተያና ለአሰላ ተማሪ የሚቀርበው የሮቤል መንገድ ሳይሆን ይህ ነው። በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ እግሩ እንደተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ወረቀቱ ነው። የኮሌጆቹ ማኅበር ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማራቸውን 16 መሠረታዊ ትምህርቶች ውጤት ይቆጥራል፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ይፈተናል፤ ከመግባቱ በፊት እንደ ሙያተኛ የሽልማት ገንዘብ የተቀበለ ሯጭም ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ልጁ ሩጫ የሚወድ ወላጅ የ9ኛ ክፍሉን ካርድ ከዛሬ ጀምሮ በጥንቃቄ ያስቀምጥ፤ ለልጁ ከማናጀር ጋር ውል ከመፈረሙም በፊት ትምህርት ቤቱን ያማክር።